“እግዚአብሔርን” ብዬ ማልኩና እማማ አመኑኝ፣ ስሙን በከንቱ መጥራት ለኛ ምን ማለት ነው?

ጤፍ ቤት (ቱሉ ዲምቱ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል ታገሱኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ስር ትንሽ የእህል ሱቅ አለችኝ፣ ጤፍ ስንዴ ሽሮ በርበሬ እሸጣለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ አንዲት እናት መጡ፣ ነጠላ የለበሱ ዘንቢል የያዙ፣ ከዛ በፊት አይቻቸው አላውቅም። “ልጄ ማኛ ነው? የአዳ ነው?” አሉኝ። የአዳ አልነበረም። ማኛም አልነበረም፣ ማኛው ሐሙስ አልቆብኝ ነጩ ጤፍ ላይ ሰርገኛ ደባልቄበት ነበር፣ የደባለቅኩትም እኔው በገዛ እጄ ነኝ። እሳቸው እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ከተው እፍኝ ሙሉ አወጡና በብርሃን ሊያዩት ወደ በሩ ዞር አሉ፣ እኔ ቶሎ ብዬ “እግዚአብሔርን እማማ የአዳ ማኛ ነው” አልኳቸው። “እግዚአብሔርን ካልክማ ምን አያለሁ” ብለው ሳያዩት መልሰው ጆንያው ውስጥ አፈሰሱት። 25 ኪሎ ወሰዱ። በኪሎ 15 ብር አስበልጬ ነው የሸጥኩላቸው፣ 375 ብር መሆኑ ነው።

ከዛ ቀን ጀምሮ ያቺ እፍኝ ጤፍ ተመልሳ ስትፈስ ዓይኔ ላይ አለች። እኔን እኮ አያውቁኝም፣ ልዋሽ ልታመን የሚያውቁት ነገር የለም፣ ያመኑት ስሙን ነው። እሳቸው ስሙን አክብረው ዓይናቸውን ከጤፉ መለሱ፣ እኔ ያንኑ ስም ዓይናቸው ላይ መጋረጃ አደረግኩት።

ሌላው የልጄ ነገር ነው። 6 ዓመቷ ነው፣ ስኳሩን ማን ነካው ስላት “እግዚአብሔርን እኔ አይደለሁም” ትለኛለች ስኳሩ ከንፈሯ ላይ እያለ። ከማን እንደተማረችው መጠየቅ አያስፈልገኝም።

ጥያቄዬ፣ ስሙን በከንቱ አትጥራ የሚለውን በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት በቃሌ ነው የያዝኩት፣ ግን ትርጉሙን ቆም ብዬ አስቤው አላውቅም። ሲደነግጡ ስሙን ማንሳት ነው? መማል ነው? ወይስ ሌላ? ደግሞስ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ እሱን አውቃለሁ፣ የእማማ 375 ብርስ?

ሀኒ አያት፦

ወንድሜ ሁላችንም ጋ አለ። እኔ ቢሮ ሳረፍድ “ማርያምን መንገድ ተዘግቶ ነው” እላለሁ መንገዱ ክፍት ሆኖ። እውነት ለመናገር ማርያምን ማለት እግዚአብሔርን ከማለት ይቀላል ብዬ ነበር የማስበው። ይቀላል እንዴ?

ዲያቆን ከአቃቂ፦

አይቀልም እህቴ። ጌታችን ማቴዎስ 5 ላይ ይህንኑ ነው የነካው። በዛን ዘመን ሰዎች መሐላን በደረጃ ከፍለውት ነበር፣ በእግዚአብሔር ስም ከማሉ ይጸናል፣ በሰማይ ወይ በኢየሩሳሌም ወይ በራሳቸው ከማሉ ግን ማምለጫ ይኖራል። ማቴዎስ 23 ላይ ደግሞ በቤተ መቅደሱ የማለ ምንም የለበትም፣ በቤተ መቅደሱ ወርቅ የማለ ግን ባለዕዳ ነው ይሉ ነበር ይላል። ጌታ ይህን ሁሉ አፍርሶ ሰማይም ዙፋኑ ነው ምድርም መረገጫው ናት አለ፣ በየትም ብትዞሩ ከሱ አትወጡም ማለቱ ነው። ስለዚህ እመቤታችንንም ሚካኤልንም ለውሸት ምስክር አድርጎ መጥራት ያው ነው።

ለጤፍ ቤት፣ የጠየቅከው ጥያቄ ትልቅ ነው። ዘጸአት 20፥7 “የእግዚአብሔርን የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ” ይላል። በዕብራይስጡ “አትጥራ” የተባለው ቃል ናሳ ነው፣ ማንሳት መሸከም ማለት ነው። “በከንቱ” የተባለው ደግሞ ሻቭ ነው፣ ባዶ ነገርም ሐሰትም ማለት ይሆናል። አሁን ልብ በል፣ ዘዳግም 5 ላይ ትእዛዛቱ ሲደገሙ በሐሰት አትመስክር የሚለው ውስጥ ያለውም ይኸው ሻቭ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ መጀመሪያ የሚይዘው አንተ ያደረግከውን ነው፣ ስሙን አንስተህ ባዶ ነገር ላይ መጫን። ዘሌዋውያን 19፥12ም በስሜ በሐሰት አትማሉ ብሎ በግልጽ አስቀምጦታል። ከበደል አያነጻውም የሚለው ቃል የተጨመረበትም ይሄ ትእዛዝ ነው፣ አትግደል ላይ እንኳን እንደዛ ብሎ አልጨመረም።

ስለ ብሩ ዘሌዋውያን 6ን ከመጀመሪያው አንብበው። ባልንጀራውን አታሎ በሐሰት የማለ ሰው ዋናውን ይመልሳል፣ አምስተኛ እጅ ይጨምርበታል፣ የሚሰጠውም ለባለቤቱ ነው፣ መሥዋዕቱን ይዞ ወደ ካህኑ የሚሄደው ከዛ በኋላ ነው። እኛ ዛሬ በኦሪቱ መሥዋዕት አይደለንም ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከተው።

ጤፍ ቤት (ቱሉ ዲምቱ)፦

የ375 አምስተኛ 75 ነው። 450። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዲያቆን፣ እንደዚህ የተጻፈ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

ረዳቱ፦

እኔ ከቃሊቲ ቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ ላይ ነው የምሰራው። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ታክሲው ሙሉ በአንድ አፍ “በስመአብ” ይላል። አንድ ጊዜ አንድ ተሳፋሪ እናቴ የምትሆን ሴትዮ ላይ ተነስቶ ስሙን በከንቱ አትጥሪ ብሎ ተቆጣት፣ ሴትዮዋ እስክትወርድ ድረስ አንገቷን ደፋች። እናቴም ቤት ውስጥ ድስት ሲወድቅ በስመአብ ነው የምትለው፣ መብራት ሲጠፋ በስመአብ፣ ሕልም ስትናገር በስመአብ። እሷ ኃጢአት እየሰራች ነው ማለት ነው? ይሄን የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ ከምሬ ነው።

ዲያቆን ከአቃቂ፦

ወንድሜ የእናትህስ ጸሎት ነው። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብለን ነው ጸሎት የምንጀምረው፣ ስትደነግጥ አፏ ላይ የሚመጣው እሱ ከሆነ ውስጧ የተቀመጠው እሱ ነው ማለት ነው። መዝሙር 49 ላይ (በሌላው አቆጣጠር 50) “በመከራ ቀን ጥራኝ” ይላል እኮ። ፍሬን ሲጮህ ካልጠራነው መቼ ልንጠራው ነው? ያን ሰውዬ ባገኘው ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቃት እለው ነበር።

ግን ያው ቃል ሌላም ቦታ ይውላል። መንገድ ላይ አንዷ ስታልፍ ከላይ እስከ ታች ዓይተን “በስመአብ ምን ለብሳ ነው” እንላለን። እዛ ጋ ሥላሴን የጠራነው እህታችንን ለማዋረድ ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ የተጫነበት ነገር ነው የተለያየው።

ምህረት ኮዬ ፈጬ፦

እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እኛ ጋ መሐላው ያን ያህል የለም፣ ልጆች “ጌታን” ምናምን ይላሉ እንጂ ትልቅ ሰው ሲምል ብዙ አትሰሙም። እኛ ጋ ያለው ግን ከመሐላ የባሰ ይመስለኛል እና ዛሬ ልናገረው።

“ጌታ ነገረኝ” የሚለው ነው። እናቴ የደም ግፊት አለባት። ከዓመታት በፊት የሆነ ጸሎት ቤት ትሄድ ነበር፣ አንድ አገልጋይ ጭንቅላቷ ላይ እጁን ጭኖ ጌታ እንዲህ ይላል ተፈውሰሻል መድኃኒቱን አቁሚ አላት። አቆመች። እኔ ስለምናት “አንቺ የጌታን ቃል ልታስጥዪኝ ነው?” ትለኛለች፣ ምን ብዬ ልመልስላት? ሐኪም እንዲህ አለ ብል ጌታ እንዲህ አለ ትለኛለች። በሰባተኛው ሳምንት ወጥ ቤት ወደቀች፣ ግራ እጇ እስከ ዛሬ ጽዋ አይዝም። ሆስፒታል ተኝታ ሰውየው መጥቶ እምነቷ ስለጎደለ ነው አለ። ይሄንንም በጌታ ስም ነው ያለው።

ስሙን በከንቱ መጥራት ሲባል እኔ የሚታየኝ ይሄ ነው። ኤርምያስ 23 ላይ ሳልልካቸው ሮጡ ሳልነግራቸው ተነበዩ የሚለው። ጌታ ነገረኝ የሚል ሰው ንግግሩን ዘግቶታል፣ ከዛ በኋላ የሚከራከረው ከእግዚአብሔር ጋር ነው የሚመስለው። እኔን ራሴን አንድ ልጅ “ጌታ ሚስትህ ናት ብሎኛል” ብሎኝ ስድስት ወር ተጨንቄ አውቃለሁ፣ እምቢ ካልኩ የጌታን ፈቃድ የጣስኩ እየመሰለኝ። ወድጄሻለሁ ቢለኝ ኖሮ በአንድ ቀን እመልስለት ነበር።

እናቴ አሁንም ታመልካለች፣ ሌላ ቦታ ነው የምትሄደው፣ ኪኒኗን ውጣ ነው የምትጸልየው።

ዲያቆን ከአቃቂ፦

እህቴ ምህረት እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ይሄ የናንተ ብቻ አይደለም። እኛም ጋ ጠበል ቦታ ላይ “ተገልጦልኛል መድኃኒቱን ተዪው” የሚሉ አሉ፣ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ አባቶች እያስተማሩ።

ሳሚ መካነ ኢየሱስ፦

ትንሽ ልጨምር። እኛ የተማርንበት የማርቲን ሉተር አጭሩ ካቴኪዝም የሚባል የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፍ አለ፣ በ1529 የወጣ፣ ለተራ ቤተሰብ አባት ልጆቹን እንዲያስተምርበት ነው የተጻፈው። ይሄን ትእዛዝ ሲያብራራ በስሙ አንራገም፣ አንማል፣ አናስጠንቁል፣ አንዋሽ፣ አናታልል ይልና እዛ ላይ አያቆምም፣ በችግር ሁሉ እንጥራው እንጸልይ እናመስግን እናወድስ ይላል። ማለት ዝም ማለት ብቻውን ትእዛዙን መፈጸም አይደለም። ልጅ እያለሁ ይሄ አይገባኝም ነበር፣ ስሙን ካልጠራሁ ኃጢአት የለብኝም ብዬ ነበር የማስበው።

በነገራችን ላይ ቁጥሩ ላይ እንዳትጋጩ፣ ኦርቶዶክስና እኛ ሉተራኖች ሁለተኛ ትእዛዝ እንለዋለን ሌሎቹ ፕሮቴስታንቶች ብዙዎቹ ሦስተኛ ይሉታል፣ አቆጣጠሩ ነው እንጂ ቃሉ ያው ነው።

ቢኒ ጀሞ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ታካብዳላችሁ። የአማርኛችን ግማሹ እግዚአብሔር ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ያሳይህ፣ እግዜር ይማርህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ስለ እግዚአብሔር። ይሄ ሁሉ ባህል ነው ቋንቋ ነው፣ ሰው ሲናገር እኮ እያሰበ አይደለም። እግዚአብሔር አፋችን ላይ ቆሞ የሚቆጥር ይመስላችኋል?

ሲስተር ገላን፦

ቢኒ ወንድሜ በከፊል ልክ ነህ፣ ግን “እያሰበ አይደለም” ያልከው ላይ ልመልስልህ። ጤና ጣቢያ ነው የምሰራው። ሌሊት ተረኛ ስሆን የሚመጡ እናቶች አሉ፣ ትኩሳታቸው 39 ከምናምን ሆኖ እንዴት ነዎት ስላቸው “እግዚአብሔር ይመስገን” ነው መጀመሪያ የሚሉት፣ ከዛ ነው የሚያማቸውን የሚነግሩኝ። ስሰራ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ያናድደኝ ነበር፣ ይሄ ልማድ ነው ባዶ ቃል ነው እል ነበር።

አንድ ሌሊት አንዲት ሴት ልጇ በእጃችን ላይ አረፈባት፣ ዓመት ያልሞላው። እኛ ምን እንደምንላት ጠፍቶን ቆመናል። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ “እግዚአብሔር ይመስገን” አለች። ማንም አልጠየቃትም። እንዴት ነሽ ያላት ሰው የለም። ለማን እንዳለችው እኛ ክፍል ውስጥ የነበርን ሁሉ እናውቃለን። ያን ቃል ያን ቀን ከየት አመጣችው ብትለኝ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለጎረቤት ለሻይ ለሰላምታ ስትለው ኖራ አፏ ውስጥ ስለነበረ ነው። ስለዚህ በየሰላምታው የምንለውን ባዶ ነው ብዬ ከሰው አፍ ላይ ልቀማው አልደፍርም።

የጤፍ ቤቱ ግን ሌላ ነው። እሱ ያለው እያወቀ ነው፣ ራሱም ብሎታል።

ዳጊ 40/60፦

ቴሌግራም ላይ “ይህን ለ10 ሰው ካልላክህ መርዶ ትሰማለህ፣ እመብርሃንን የምትወድ ሳትልክ አታልፍም” የሚለውስ? አክስቴ ሌሊት ተነስታ ትልካለች እኮ ፈርታ። በስሙ ሰው ማስፈራራት አይደል እንዴ ይሄ። የላከልኝን ሁሉ መልሼ እባክህ አጥፋው እላለሁ።

ጡረተኛው (ሰበታ)፦

ልጆቼ ሰላም ናችሁ? የምትጽፉትን ልጄ ስልኩን ሰጥቶኝ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። እኛ ልጆች ሳለን ሰው “ኃይለ ሥላሴ ይሙት” ብሎ ይምል ነበር፣ ከኛ በፊት የነበሩት ደግሞ “ምኒልክ ይሙት” ይሉ ነበር። ያን ብሎ የዋሸ ሰው መንደር ውስጥ ሰው አይሆንም። በንጉሥ ስም ሲምሉ የሚፈሩት ቅጣት አለና ነው። በእግዚአብሔር ስም ሲሆን ቅጣቱ ስለማይታይ ቀለለብን።

የመሬት ክርክር ላይ ምስክር ሆኜ ፍርድ ቤት ቆሜአለሁ። መሬቱ የእርሻ ማሳ በነበረበት ጊዜ ድንበሩ ላይ የነበረች አንዲት ግራር ነበረች፣ የት እንደነበረች የምናውቀው ሦስት ሽማግሌዎች ነን። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጃችንን አድርገን እውነት እንናገራለን ብለን ማልን። አንደኛው፣ አብሮ አደጌ፣ ግራሯን ከቦታዋ ነቅሎ በአፉ ሌላ ቦታ ተከላት። ከከሳሹ ወገን ገንዘብ እንደተቀበለ በኋላ ተሰማ። እኔ ዳኛውን አላየሁም ያን ጊዜ፣ እጁን ነው ያየሁት፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን እጁን። አብረን ቆርበናል። እስከ ዛሬ ሰላምታ አለን ግን እጁን ስጨብጠው ያ ነገር ይመጣብኛል።

ጌታ አትማሉ ብሏልና ፍርድ ቤትም መማል የለብንም የሚሉ ክርስቲያኖች አሉ፣ አከብራቸዋለሁ። እኔ ግን ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ እግዚአብሔርን ምስክሬ ነው ብሎ ጠርቷል ብዬ ምያለሁ። እውነት ለሚናገር ሰው ስሙን በፍርሃት መጥራት ስሙን ማክበር ይመስለኛል። ዕድሜ ልኩን አዎን አዎን አይደለም አይደለም እያለ የኖረ ሰው መሐላ የሚያስፈልገው አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ነው። በየጤፉ በየሽንኩርቱ ከማልን ለዛ ቀን ምን ይተርፈናል?

የጤፉ ልጅ፣ እኚያን እናት ፈልጋቸው። አትዘግይ።

ሀኒ አያት፦

አባባ እድሜ ይስጥልን። “በአፉ ሌላ ቦታ ተከላት” ያሉት ውስጤ ገባ።

ጤፍ ቤት (ቱሉ ዲምቱ)፦

አባባ እሺ። ከጎኔ ሙስሊም ነጋዴ አለ፣ ስኳርና ዘይት ነው የሚሸጠው፣ አምስት ዓመት ጎን ለጎን ስንሰራ ወላሂ ብሎ ሲሸጥ ሰምቼው አላውቅም። ትናንት ለምን እንደማይምል ጠየቅኩት። ነቢያችን መሐላ ዕቃ ያሸጣል በረከት ያጠፋል ብለዋል አለኝ፣ ሐዲስ ነው አለኝ። ሮሜ 2 ላይ በእናንተ ሰበብ የእግዚአብሔር ስም በአሕዛብ መካከል ይሰደባል የሚለውን ሳስበው፣ ይሄ ሰውዬ አምስት ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ማዶ እኔ ስምል ሲሰማ ኖሯል።

ጤፉን በጋሪ ያደረሰላቸው ልጅ ብሎኩን ያውቀዋል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እሄዳለሁ።

ቢኒ ጀሞ፦

ታካብዳላችሁ ያልኩት ላይ ሲስተርን ይቅርታ። እናቴም እንደዛ ናት። አሁንም ሁሉም አይመስለኝም ግን ለዋጋ ስከራከር ስንቴ እንደምምል ዛሬ ልብ አልኩት፣ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ብዙ ነው።

ምህረት ኮዬ ፈጬ፦

ጤፍ ቤት ሄድክ?

ጤፍ ቤት (ቱሉ ዲምቱ)፦

ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር። በሩን ሲከፍቱ ወዲያው አወቁኝ “አንተ የጤፉ ልጅ” አሉኝ። በር ላይ ቆሜ ተናገርኩ፣ ጤፉ የአዳ አይደለም ሰርገኛ ደባልቄበታለሁ በእግዚአብሔር ስም የማልኩት በውሸት ነው፣ ይኸው 450 ብር አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዛ ግባ አሉኝ።

እንጀራው ጠቁሮባቸዋል። ዓይናቸው ደከም ስላለ እህሉን አላዩትም፣ ልጅ ልከው ነው ያስፈጩት። መጀመሪያ ምጣዱ ነው ብለው በጎመን ዘር ሁለቴ አሰሱት። ከዛ እርሾው ነው ብለው ደፉት፣ ከጎረቤት ሌላ ተበደሩ። አሁንም ጠቆረ። በመጨረሻ ወፍጮ ቤት ሄደው ልጁን ሰው በተሰበሰበበት “ዱቄቴን ቀይረህብኛል ሌባ” አሉት። እሱ እማማ አልቀየርኩም ይሄው ነው ያመጡት ሲላቸው “ነጋዴው በእግዚአብሔር ስም ምሎልኛል፣ እሱ ሊዋሽ አይችልም፣ አንተ ነህ” አሉት። ሰዉም ልጁን አጉረመረመበት።

ይሄን ሲነግሩኝ እኔን አላዩኝም፣ እጃቸውን ነው የሚያዩት። 375ቱን ቆጥረው ወሰዱ፣ 75ቱን ለቤተክርስቲያን ጧፍ ግዛበት ብለው መለሱልኝ። ከዛ “የኔስ እሺ ልጄ፣ ያን ልጅ ምን እለዋለሁ?” አሉኝ።

እኔ እነግረዋለሁ አልኳቸው። አብረን እንሄዳለን አሉ፣ እኔም ሰድቤዋለሁ አሉ።

ዲያቆን ከአቃቂ፦

አቤቱ።

ረዳቱ፦

የወፍጮ ቤቱን ልጅ እኮ ማንም አላሰበውም ነበር እዚህ ስናወራ።

ጡረተኛው (ሰበታ)፦

ከእማማ ጋር ስትሄድ ሰው በተሰበሰበበት ሰዓት ሂዱ። ስድቡ ሰው ፊት ነው የተሰደበው።

ጤፍ ቤት (ቱሉ ዲምቱ)፦

እሺ አባባ። ዛሬ ማታ ሄደን ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆሟል፣ ሰው አልነበረም። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወረፋው ሲበዛ እማማን ከብሎካቸው ስር እወስዳቸዋለሁ። ጆንያው ላይ ካርቶን ቆርጬ “ድብልቅ” ብዬ ጻፍኩበት፣ ልጄ ነች ፊደሉን በማርከር ያደመቀችልኝ።